ነርቭ ብግነትን እንዴት ያበርዳል?

የተከበራችሁ መምህራን፣ ነርሶችና የጤና ተማሪዎች፣ እንደምን አረፈዳችሁ? ደብረ ማርቆስ ድረስ ስለጠራችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

በግርሻ በሽታ ልጀምር። ቅማል የሚያስተላልፈው ይህ በሽታ ተጨናንቀው የሚያድሩ የቆሎ ተማሪዎችንና የቀን ሠራተኞችን ይይዛል። ሕመምተኛው ፔኒሲሊን ሲወጋ ጀርሙ መሞት ይጀምራል። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ግን ሰውየው ይንቀጠቀጣል፤ ትኩሳቱ ይንራል፤ የደም ግፊቱም ሊወርድ ይችላል። ቤተሰቡ በመርፌው ያመካኛል። መርፌው ግን ሥራውን ሠርቷል። ሰውየውን የሚያንቀጠቅጠው በአብዛኛው የገዛ ሰውነቱ የሚለቀው ቲኤንኤፍ የተባለ የብግነት መልእክተኛ ነው። ይህ እዚሁ አገራችን ተፈትኗል። በ1996 እ.ኤ.አ. በታተመ የአዲስ አበባ ጥናት፣ ቲኤንኤፍን የሚያግድ መድኃኒት ቀድመው ከወሰዱ 20 ሕሙማን እንዲህ የሆኑት 10 ናቸው። ካልወሰዱት 29 ውስጥ ግን 26ቱ ሆነዋል። ስለዚህ መርፌውን ወግታችሁ ከአጠገባቸው አትራቁ፤ ለቤተሰቡም አስቀድማችሁ ንገሩ።

ታዲያ ሰውነት ራሱ ቲኤንኤፍን በምን ይገታዋል? አንዱ መንገድ ነርቭ ነው። ቬገስ የተባለው ነርቭ ከአንጎል ሥር ተነስቶ በአንገት ወርዶ ልብንና አንጀትን ያገኛል። በ2000 እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ የኬቨን ትሬሲ ቡድን የአይጦችን ቬገስ በኤሌክትሪክ ሲያነቃቃ ቲኤንኤፋቸው ቀነሰ። በ2003 ደግሞ ምክንያቱ ታወቀ። ማክሮፌጅ በተባለው ተከላካይ ሴል ላይ አልፋ-7 የሚባል ተቀባይ አለ። አሴቲልኮሊን የተባለው የነርቭ መልእክት አስተላላፊ ኬሚካል ሲይዘው ሴሉ ቲኤንኤፍ መልቀቁን ይቀንሳል። ይህ ተቀባይ በሌላቸው አይጦች ላይ ነርቩን ማነቃቃት ምንም አልፈየደም። ሌባ ያባረረ ውሻ ባለቤቱ ጠርቶ ካልመለሰው እንግዳውንም ይነክሳል፤ አልፋ-7 ማክሮፌጁ ያንን ጥሪ የሚሰማበት ጆሮ ነው።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ የጣፊያው ነገር ነው። ወደ ጣፊያ የሚገባው ነርቭ የሚለቀው ኖርኤፒነፍሪን የተባለ ሌላ መልእክት አስተላላፊ እንጂ አሴቲልኮሊን አይደለም። አሴቲልኮሊኑ ከየት ይመጣል? መልሱ በ2011 ተገኘ፤ ቲ ሴሎች ከተባሉ ተከላካይ የደም ሴሎች ነው! ቲ ሴሉ በቤታ-2 ተቀባዩ የነርቩን መልእክት ይሰማል፤ ከዚያ አሴቲልኮሊኑን ራሱ ሠርቶ ለማክሮፌጁ ያቀብላል። የደም ሴል የነርቭ ሥራ ሲሠራ አስቡት።

ነገሩ ወደ ሕክምናም ገብቷል። በ2016 በታተመ አነስተኛ ጥናት ሩማቶይድ የተባለ የመገጣጠሚያ ብግነት ላለባቸው 17 ሰዎች የቬገስ ማነቃቂያ ተተክሎላቸው ቲኤንኤፋቸው ወርዷል፤ ብዙዎቹም ተሽሏቸዋል። በ2025 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን እንዲህ ያለ መሣሪያ ለዚሁ በሽታ እንዲውል ፈቅዷል።

አንድ አደራ አለኝ። ኒኮቲንም አልፋ-7ን ይነካል። ይህን ሰምቶ "ሲጋራ ብግነት ያበርዳል" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ዝም አትበሉ። ማጨስ ለሩማቶይድ የመጋለጥ ዕድልን ይጨምራል።

አሁን ጥያቄያችሁን ልስማ።