እጁን የሚያነሳው ሰውዬ

እንደምን አመሻችሁ።

የጅማ ዝናብ ሰውን ቤቱ አስቀምጦ የማስቀረት ልዩ ችሎታ አለው። እሱን ጥሳችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። አቦሉ ተቀድቷል። በረካው ሳይደርስ ልጨርስ እሞክራለሁ።

እዚህ ጠረጴዛ ላይ ያለውን ማሊያ ሁላችሁም እያያችሁት ነው። ቀይ ነው፣ እጅጌው ነጭ፣ ጀርባው ላይ 6 ቁጥር አለ። ቁጥሩ ላይ በጥቁር ማርከር የተጫረው የድሮው የአርሰናል ተከላካይና አምበል የቶኒ አዳምስ ፊርማ ነው። ለንደን የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ነው ያመጣልኝ። እዚያ ጥግ ያላችሁ ልጆች «ምናለ የአጥቂው የአንሪ ቢሆን» ስትሉ ሰምቻለሁ። አዎ፣ ሰምቻለሁ! እንግዲህ ለምን የአንሪ እንዳልሆነ ላስረዳ።

እኔ በልጅነቴ ሰፈር ውስጥ ከኋላ ነበር የምሰለፈው። ደንቡን ታውቁታላችሁ። የኳሱ ባለቤት ፊት ይጫወታል፣ ጎበዙ መሀል፣ የተረፈው ኋላ። የተከላካይ ሥራ የሚታየው ሲበላሽ ነው። ዘጠና ደቂቃ ምንም ካልተፈጠረ ጥሩ ተጫውቷል ማለት ነው። ያልተፈጠረን ነገር ደግሞ ማን ያስታውሰዋል? አጥቂ ጎሉ ይቆጠርለታል። ተከላካይ ግን እንዳይገባ ያደረገውን ጎል የሚመዘግብለት የለም።

አዳምስ ለአርሰናል መጀመሪያ የተሰለፈው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1983 ነው። 17 ዓመቱ ነበር። ጫማውን የሰቀለው በ2002 ነው። በመሀል ሌላ ክለብ የለም። 669 ጨዋታ፣ አንድ ማሊያ። ገና በ21 ዓመቱ አምበል ሆነ። በ1989፣ በ1991፣ በ1998 እና በ2002 የሊጉን ዋንጫ ሲወስዱ አምበሉ እሱ ነበር። ከሌሎቹ ተከላካዮች ከዲክሰን፣ ከቦልድና ከዊንተርበርን ጋር ሆነው አራቱም በአንድ ገመድ እንደታሰሩ ወደፊት ይወጣሉ። አጥቂው ከኋላቸው ይቀራል። አዳምስ «ኦፍሳይድ ነው!» ብሎ እጁን ያነሳል። «መስመር ዳኛው ባንዲራውን የሚያነሳው የሱን እጅ አይቶ ነው» ብለን እንቀልድ ነበር።

ግን እኔ የወደድኩት ለዋንጫው አይደለም። በኤፕሪል 1989 በማንቸስተር ዩናይትድ ሜዳ፣ ኦልድ ትራፎርድ ላይ፣ አንድ ጎል ለቡድኑ አገባ፣ አንድ ደግሞ በራሱ መረብ ላይ። አንድ ለአንድ ወጡ። አንድ ጋዜጣ ፎቶው ላይ የአህያ ጆሮ ቀጠለለት። ከዚያ በኋላ የሄደበት ሜዳ ሁሉ ተመልካቹ እንደ አህያ ይጮህበታል፣ ካሮት ይወረውርለታል። እኛ አገር «አህያ» መባል ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። ሁለት ወር ሳይሞላ አንፊልድ ላይ ሊቨርፑልን 2 ለ 0 አሸንፈው ሊጉን ወሰዱ። አምበሉ ያው «አህያው» ነበር።

ከዚያ ደግሞ ወደቀ። በ1990 መጨረሻ ጠጥቶ በማሽከርከር እስር ቤት ገባ። በ1996 «እኔ የመጠጥ ሱሰኛ ነኝ» ብሎ ለቡድን ጓደኞቹ ተናገረ። አስቡት፣ አምበል ሆኖ መልበሻ ክፍል ውስጥ! በ2000 እንደሱ ያሉ ስፖርተኞች የሚረዱበት ድርጅት አቋቋመ። በመሀል፣ በሜይ 1998፣ ኤቨርተንን 3 ለ 0 እየመሩ ቦልድ ኳሷን ከተከላካዮች በላይ አሻገረለት። በግራ እግሩ መታት። አራት ለዜሮ፣ ሊጉም ተበላ። ሁለት እጁን ዘርግቶ ቆመ። ዛሬ ከአርሰናል ሜዳ ከኤምሬትስ ስታዲየም ውጭ የቆመው ሐውልቱ ያንን ነው የሚያሳየው።

ፊርማው ታዲያ ምን ይጨምራል? ማሊያው ያው ጨርቅ ነው። እዚሁ ጅማ ሙዚየም ገብታችሁ የአባ ጅፋርን ዕቃዎች ስታዩ ግን ድምፃችሁን የምትቀንሱት ለምንድን ነው? ከዚያ ያማረ ወንበር የኛ አናጺ ይሠራል። ነገር ግን ያንኛውን ንጉሡ ነክተውታል። ፊርማም እንደዚያ ነው። ያ ሲነሳ የኖረ እጅ እዚህ ጨርቅ ላይ ጥቂት ሰከንድ አርፏል።

በነገራችን ላይ፣ እኔም ተሸውጃለሁ። ከዓመታት በፊት አንድ ሱቅ «የተፈረመ» ፎቶ በደህና ብር ሸጠልኝ። ቤት ወስጄ ወደ መብራት ሳዘነብለው ቀለሙ ከወረቀቱ ጋር አብሮ የታተመ ነው። እውነተኛ ቀለም ወረቀቱ ላይ ይተኛል፣ ለብቻው ያብለጨልጫል። ሁለት ፊርማ ደግሞ ቁርጥ አንድ ዓይነት ከሆኑ ጠርጥሩ። የሰው እጅ እንደዚያ አይደግምም። የምስክር ወረቀት አለው ቢሏችሁም ወረቀቱም ፎርጅድ ሊሆን ይችላል። እውነተኛውን ካገኛችሁ ደግሞ ፀሐይ ያደበዝዘዋል፣ የኛ ከተማ እርጥበት ያሻግተዋል። ከጀበናው ጭስ በላይ እንዳትሰቅሉት!

አሁን ወደ ራሳችን። በ2010 ዓ.ም የኛው ክለብ ጅማ አባ ጅፋር የኢትዮጵያ ፕሪምየር ሊግ በገባ በመጀመሪያው ዓመት ዋንጫውን በላ። በመጀመሪያው ዓመት! ከተማው በደስታ አብዶ ነበር። ልጠይቃችሁ፣ የዚያን ዓመት ተከላካዮች የፈረሙበት ማሊያ ቤቱ ያለው እጁን ያውጣ።

...

አየን። እኔም የለኝም። የለንደኑን ተከላካይ ፊርማ ባሕር አሻግሬ አስመጣሁ፤ እዚህ በጎዳና ስንተላለፍ የነበሩትን «እስቲ ፈርሙልኝ» አላልኩም። አፈርኩ።

ስለዚህ ዛሬ ባዶ ማሊያ ይዤ መጥቻለሁ። የሰፈራችን ቡድን ነው፣ አዲስ ነው። ኳስ ያስተማሩን፣ ሃያ ዓመት ከኋላ የተጫወቱት ጋሼ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ማፈር ጀምረዋል፣ አያለሁ። ጋሼ፣ ይኸው ማርከሩ። ጨርቁን ወጠር አድርጌ እይዝልዎታለሁ። በረካው እስኪመጣ ይፈርሙልን።