ስታፍ አንድ ሰው አይደለም

[ምስል፦ ለገሃር አካባቢ ያለ ሕንፃ፣ የቢሮ በር ላይ የተለጠፈ ወረቀት]

ይህ ወረቀት «ስታፍ ኦንሊ»፣ ማለትም «ለሠራተኞች ብቻ»፣ እንዲል ታስቦ ነው የተለጠፈው።

[ምስል፦ ፊደሎቹ በቅርበት]

ፊደሎቹን ግን እዩአቸው፦ ኤስ፣ ቲ፣ ዩ፣ ደብል ኤፍ። እንዲህ ሲጻፍ «ዕቃ ብቻ» ማለት ነው። የሠራተኛው በዩ ፋንታ ኤ ይገባዋል። በአማርኛ ሁለቱንም «ስታፍ» ብለን ስለምንጽፋቸው ይምታታሉ። ድምፃቸውም አንድ አይደለም፤ የሠራተኛው አፍ ከፈት ተደርጎ ይባላል፣ የዕቃው ወደ «ስተፍ» ይጠጋል።

ይሄ ቶሎ ይታረማል። ሥር የሰደደው ሌላው ነው።

ከሜክሲኮ እስከ ፒያሳ በየቢሮው «እሷ የኛ ስታፍ ናት»፣ «ሦስት ስታፎች ቀሩ» እንላለን። በአማርኛ ወሬ ውስጥ ምንም ችግር የለውም፤ ቃሉ ከኛ ጋር ኖሮ የኛን ባህርይ ይዟል። ወደ እንግሊዝኛ ሲቪ ስንገለብጠው ነው የሚበላሸው። «አይ አም ኤ ስታፍ» ብሎ የጻፈ አመልካች «እኔ የሠራተኞች ስብስብ ነኝ» እንዳለ ነው የሚቆጠረው።

ስታፍን እንደ «ሕዝብ» አስቡት። «አንድ ሕዝብ» ሲባል አንድ ሰው ማለት አይደለም፤ ስታፍም እንደዚያው ነው። ለ1 ሰው «ኤ ስታፍ ሜምበር» ወይም «ኤ ሜምበር ኦፍ ስታፍ» ይባላል፤ ለ3 ሰዎች «ስሪ ስታፍ ሜምበርስ»። የብዙ ቁጥሯ «ኤስ» የምትገባው ሜምበር ላይ ነው። ጠቅላላ ቁጥር ለመናገር ደግሞ «ዊ ሃቭ ኤ ስታፍ ኦፍ ፎርቲ»፦ 40 ሠራተኞች አሉን።

ታዲያ «ስታፍስ» የሚባል የለም? አለ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት «ብሔሮች፣ ብሔረሰቦች፣ ሕዝቦች» ሲባል «ሕዝቦች» የሚለው ግለሰቦችን አይቆጥርም፤ ብዙ ሕዝብን ነው የሚቆጥረው። ስታፍስም የ2 ወይም የ3 ተቋማትን ሠራተኞች፣ እያንዳንዱን እንደ አንድ አካል ወስዶ ይቆጥራል። ለአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ግን አትጠቀሙበት።

ግሱን በተመለከተ አሜሪካኖች «ዘ ስታፍ ኢዝ» ይላሉ፤ እንግሊዞች «አር»ንም አዘውትረው ይጠቀማሉ። ሁለቱም ትክክል ናቸው። አንድ ደብዳቤ ውስጥ ማቀላቀል ነው የማያምረው።

[ምስል፦ ሲቪ፣ ጠቋሚው «ኤ ስታፍ» ላይ]

ሲቪያችሁን ከመላካችሁ በፊት በስታፍ ቦታ «ቲም» አስገብታችሁ አንብቡት። «አይ አም ኤ ቲም» ጆሮ ይቆረቁራል። ከቆረቆራችሁ ሜምበርን ጨምሩ፤ ከዚያ የሚሻለው ግን የሥራ መደባችሁን በስሙ መጥራት ነው፦ «አይ አም አን አካውንታንት»።