የቡና ገለፈት፣ የካርቦን ናኖቲዩብ እና በመሃል የሚገባው ፕሮቲን

[ምስል፦ ጅማ፣ የቡና መፈልፈያ ጓሮ፣ የገለፈት ክምር]

ጅማ ውስጥ ጀንፈል ቡና የሚፈለፈልበት ጓሮ እንዲህ ያለ ክምር አያጣም። ብዙ ጊዜ ይቃጠላል፣ አለዚያም ይጣላል። ውስጡ ግን ሴሉሎስ አለ፤ ለእንጨት፣ ለጥጥ፣ ለእንሰት ቃጫ ብርታት የሚሰጠው ያው ነገር።

ሴሉሎስ ደቅቆ ናኖ ክር፣ ማለት በዓይን የማይታይ ቀጭን ክር፣ ሲሆን ቀላልና ጠንካራ ነው፤ ኤሌክትሪክ ግን አያስተላልፍም። ጃፓናዊው ሱሚዮ ኢጂማ በ1991 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው የካርቦን ናኖቲዩብ፣ ከካርቦን የተሠራ እጅግ ቀጭን ቱቦ፣ ያስተላልፋል። ባለ አንድ ግድግዳው ቱቦ ውፍረቱ 1 ናኖሜትር (የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ) ገደማ ነው። ታዲያ ለምን አንቀላቅላቸውም?

[ምስል፦ ብርጭቆ ውስጥ የጓጎለ ጥቁር ዱቄት]

ሴሉሎስ ውሃ ይወዳል፣ ናኖቲዩብ ይሸሻል። ቅቤ ውሃ ላይ እንደሚሰበሰብ እርስ በርሱ ተያይዞ ይጓጉላል። የተቀላቀለው ቁስ ሲሳብ መሰንጠቅ የሚጀምረውም ከጓጎለው ቦታ ነው። በእኔ እምነት ቁሶችን የማዋሃድ ሙያ ትልቁ ጥያቄ ያለው ሁለቱ በሚነካኩበት ወሰን ላይ ነው።

ፕሮቲን የሚገባው እዚህ ነው። ፕሮቲን ከሚገነባባቸው አሚኖ አሲዶች ትሪፕቶፋንና ታይሮሲን የተባሉት ጠፍጣፋ ቀለበት አላቸው፤ የናኖቲዩብ ግድግዳም የካርቦን ቀለበቶች መረብ ስለሆነ ይለጠፉበታል። ውሃ ወዳዱ የፕሮቲን ጎን ወደ ውጭ ይዞራል። እንቁላል ነጭ ውስጥ ያለው ላይሶዛይም እንኳ፣ በአልትራሳውንድ ከተናወጠ፣ ቱቦዎቹን ውሃ ውስጥ ይበትናል።

ሴሉሎስን የሚይዘው ጫፍስ? ታሪኩ ደስ ይላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሰሎሞን ደሴቶች ላይ የአሜሪካ ጦር ድንኳኖችን የበላ ሻጋታ ተገኘ፤ ትሪኮደርማ ሪሴይ ይባላል። ሴሉሎስ ከሚቆርጡት ኢንዛይሞቹ አንዱ 36 አሚኖ አሲድ ብቻ ያላት መያዣ አለችው፤ በሦስት ታይሮሲኖች ሴሉሎሱን ጨብጣ ትይዛለች። በ2011 እ.ኤ.አ. የፊንላንድ ተመራማሪዎች እንዲህ ያለ መያዣ ውሃ ከሚሸሽ ሌላ የሻጋታ ፕሮቲን ጋር በጄኔቲክ ምሕንድስና አጋጠሙ። በእሱም ግራፊንን፣ የናኖቲዩብን ጠፍጣፋ እህት፣ ከሴሉሎስ ናኖ ክር ጋር አያያዙ።

ፕሮቲን ሲበዛ ግን ቱቦዎቹን ሸፍኖ የኤሌክትሪኩን መንገድ ይዘጋል። መጠኑን ማግኘት ትዕግሥት ይጠይቃል።

[ምስል፦ ጓንትና ጭንብል ያደረገ ተማሪ]

ደረቅ የናኖቲዩብ ዱቄት እንዳይተነፈስ! የዓለም የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ አንዱን ዓይነት ካንሰር ሊያስከትል ይችላል ብሎ መድቦታል። ሥራው ላቦራቶሪ ውስጥ፣ ከባለሙያ ጋር ብቻ ነው።

ጅማ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ላላችሁ ተማሪዎች፦ ገለፈቱን በአልካሊ ቀቅላችሁ ሊግኒኑን፣ ሴሉሎሱን የሚያጣብቀውን ነገር፣ አውጡ፣ አንጡት፣ አድቅቁት። ከዚያ ከናኖቲዩብ ጋር ቀላቅላችሁ ሁለት ስስ ወረቀት ሥሩ፤ አንዱ ፕሮቲን ያለው፣ ሌላው የሌለው። ሲደርቁ እስኪበጠሱ ሳቧቸው፤ ከመሳባችሁ በፊት ግን ኤሌክትሪክ ማስተላለፋቸውን በመልቲሜትር ለኩ።