ገዢው ለምን ገበያ ይቀያይራል?

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣
ክቡራን እንግዶቻችን፣

እንኳን ወደ ዓመታዊ የሸማቾች ጉባኤያችን በደህና መጣችሁ።

የዘንድሮው መነጋገሪያችን ያገለገሉ ዕቃዎች የኢንተርኔት ገበያ፣ በተለይም ሸማቹ አንዱን መድረክ ትቶ ወደ ሌላው የሚሄድበት ምክንያት ነው።

ብዙዎች ምክንያቱን መድረኩ በሚያስከፍለው ክፍያ ያሳብባሉ፤ በሌላው ዓለም ለዚህ በቂ ማስረጃ አለ። በሊትዌኒያ የተመሠረተው ያገለገሉ አልባሳት መሸጫ መድረክ ቪንትድ ክፍያውን ከሻጩ አንሥቶ በገዢው ላይ በማድረግ ገበያውን ካሰፋ በኋላ፣ የአሜሪካው የኢንተርኔት ገበያ ኢቤይም በጀርመን በ2023፣ በእንግሊዝ በ2024 እ.ኤ.አ. የግል ሻጮችን ከኮሚሽን ነፃ አድርጓል። በአሜሪካ ፖሽማርክ የተባለው ያገለገሉ አልባሳት መድረክ በዚያው በ2024 ከክፍያው ከፊሉን ወደ ገዢው ቢያዞርም፣ ተቃውሞው ስለበረታበት በሳምንታት ውስጥ ወደ ቀድሞው አሠራር ተመልሷል።

በእኛ ገበያ ግን ክፍያ ብዙም አያስረዳም፤ በቴሌግራም ቡድንም ሆነ በፌስቡክ ማስታወቂያ መለጠፍ በነፃ ነውና። ያገለገለ ስልክ የሚፈልግ ሰው «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚል ማስታወቂያ አይቶ ሲደውል «እሱ ተሸጧል፣ ሌላ ግን አለኝ» ይባላል፤ ባለቤት የመሰለው ሰው ደላላ ሆኖ ይገኛል፤ ይባስ ብሎም ዕቃውን በዓይኑ ሳያይ ቀብድ በቴሌብር እንዲልክ ይጠየቃል። ይህ የተደጋገመበት ሸማች መድረኩን ጥሎ ቢሄድ አይፈረድበትም። የሚሄድበትንም ቢሆን አጣርቶ አይመርጥም፤ የሥራ ባልደረባው «እኔ እዚያ ገዝቼ ነበር» ስላለው ብቻ ይሄዳል፤ የቡድኑ አስተዳዳሪ ሻጮቹን ያውቃቸዋል ብሎም ያምናል፣ ምንም እንኳ አስተዳዳሪው ለአንዳቸውም ዋስ ባይሆን።

ሻጩ እንዲህ በቀላሉ አይንቀሳቀስም። ደረጃ በሚሰጥባቸው መድረኮች ለዓመታት ያከማቸው የገዢዎች አስተያየት እዚያው ስለሚቀር፣ ሲለቅ ስሙን እንደ አዲስ ሊገነባ ነው። በእኔ እምነት መድረኮቹ ሻጭ ለመሳብ የሚደክሙትን ያህል ሻጭን ለማጣራት ቢደክሙ ኖሮ ገዢው ባልሸሻቸው ነበር።

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 በዋናነት ነጋዴን የሚመለከት በመሆኑ፣ የራሱን ስልክ አንድ ጊዜ የሚሸጥ ግለሰብ ዘንድ ሲደርስ ጉልበቱ ይላላል። ስለሆነም የማኅበራችን ሥራ አስፈጻሚ፣ መድረኮች የሻጩን ማንነት በፋይዳ መታወቂያ እንዲያረጋግጡና አስተዋዋቂው ደላላ ከሆነ ይኸው በማስታወቂያው ላይ እንዲጻፍ የሚጠይቅ የውሳኔ ሐሳብ አዘጋጅቷል። ረቂቁ በእጃችሁ ይገኛል፤ ከሻይ ዕረፍት በኋላ አንቀጽ በአንቀጽ እንመለከተዋለን።

ጉባኤው በይፋ መከፈቱን እገልጻለሁ።