ሰኞ፣ አንደኛ ክፍለ ጊዜ፣ 7ቢ

እሺ... ዛሬም ስለ ርዕሰ መምህር ነው። አዎ፣ ስለ ቁልፍ ያዡ ሰውዬ። ሳቁ እንግዲህ፣ ለምዳችኋል። ያለፈው ጊዜ «መምህር ሲቀር ርዕሰ መምህሩ ራሱ ይግባ» ተባብለን ተለያየን፤ እኔን ግን አልለቀቀኝም።

ሰኞ ጠዋት ነው። ሰንደቅ ዓላማ ተሰቅሏል፣ ደወል ተደውሏል። ዩኒት ሊደሩ (የክፍሎቹን ሥርዓትና የመምህራኑን መገኘት የሚከታተለው መምህር) መጥቶ «7ቢ መምህር የለም» ይላል። እዚህች ላይ ቁሙ። ርዕሰ መምህሩ ከገባ 40 ደቂቃ ሄደ፤ ቢሮው በር ላይ መልቀቂያ የሚጠብቅ ወላጅ ቆሟል፣ ወረዳው ሪፖርት ይላል። ካልገባ ደግሞ 7ቢ ይንጫጫል፣ ጎረቤቱ 7ኤ ክፍልም አብሮ ይታወካል። ልጆቹን ሜዳ ቢለቅ... እሱማ ይቅር።

ግን ነገሩ የተበላሸው ሰኞ አይደለም፤ መስከረም ላይ ነው፣ የክፍለ ጊዜ ፕሮግራሙ ሲወጣ። አስቡት፦ 20 ክፍል፣ በሳምንት 35 ክፍለ ጊዜ፣ 700 ይሆናል። ለአንድ መምህር 25 ቢደርሰው 28 መምህር ያስፈልጋል። ስለዚህ በማንኛውም ሰዓት 20ው ሲያስተምሩ 8 መምህር ክፍት ነው። 8! ታዲያ ሰኞ ጠዋት የት ሄዱ? አንደኛ ክፍለ ጊዜ የሌለው ለሁለተኛው ነው የሚደርሰው። ክፍት ነው ማለት ግቢ ውስጥ አለ ማለት አይደለም።

ከ8ቱ ሁለቱን በስም «ተጠባባቂ» ብሎ ፕሮግራሙ ላይ መጻፍ፣ ጠዋት አብረው እንዲፈርሙ ማድረግ፣ በየወሩ ማፈራረቅ። ካልተፈራረቀ ሁልጊዜ የሚጫንበት ያው እሺ ባዩ ነው፤ እሱም ጥቅምት ላይ ማኩረፍ ይጀምራል። ደግሞ ተጠባባቂው ባዶ እጁን ከገባ ምክር ሲመክር ይደወላል። የትምህርት ክፍሉ ተጠሪ ለየምዕራፉ አንድ የመልመጃ ወረቀት አስቀድሞ ያስቀምጥ። ወረቀት ስል... ለትምህርት ቤቱ የሚሰጠው የድጎማ ብር ሚያዝያ ላይ፣ ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ቢመጣስ? ኮሚቴው ይገዛል፣ ንብረት ክፍሉ ሞዴል 19 (ዕቃው መግባቱን የሚያሳየውን ደረሰኝ) ሳይቆርጥ ክፍያ ይፈጸማል፣ ኦዲተር ሲመጣ የሚጠየቀው ማን ነው? በፊርማው የፈቀደው። ኧረ ይሄን ሌላ ቀን።

የቀረው መምህር ማካካሻስ? ቀን፣ ክፍል፣ የቀረው ርዕስ መዝገብ ላይ ካልሰፈረ ቅዳሜ ማንም አይመጣም። ቢሰፍርም እንኳ... ልጆቹ ቅዳሜ ገበያ ናቸው፣ ገጠር ከሆነማ ከብት ጋ። እና ርዕሰ መምህሩ ራሱ ሰኞ ወረዳ ስብሰባ ከተጠራ፣ ምክትሉም ክፍል ውስጥ ከሆነ፣ ያን ተጠባባቂ የሚጠራው... ዩኒት ሊደሩ? እሱም እኮ ክፍለ ጊዜ አለው። እንጃ። እስቲ...