ከእሜት ጎጎ እስከ ጨነቅ፦ ሶሉ የወለቀ ጫማ

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ ተመልካቾች። ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ጫማ ነው፤ አዎን፣ ስለ ጫማ። በሰሜን ተራሮች፣ 3,926 ሜትር ከፍታ ካለው ከእሜት ጎጎ ጫፍ ወደ ጨነቅ የድንኳን ሰፈር ስንጓዝ የቀኝ ጫማዬ ሶል ከፊቱ ተላቅቆ እንደ አዞ አፍ ተከፈተ፤ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ የግራውም ወንድሙን ተከተለ።

ይህን ባለፈው ቪዲዮ በጨረፍታ ሳነሣ ብዙዎቻችሁ «አሮጌ ጫማ አድርገህ ነው» ብላችሁኛል። አይደለም። ጫማው ከስድስት ዓመት በፊት ተገዝቶ፣ «ለትልቅ ጉዞ ይሁን» ተብሎ ከነካርቶኑ ቁም ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ፣ አፈር ያልነካው ጫማ ነበር። ጉዱም ከዚያው ነው።

ድፎ ዳቦን አስቡ። ለእንግዳ ይሁን ተብሎ ሁለት ሳምንት ተሸፍኖ ቢቆይ ቅርፊቱ ከላይም ከታችም ያምራል፤ ቢላዋ ሲገባበት ግን መሐሉ ይፈረፈራል። ማንም አልቆረሰውም፣ ማንም አልነካውም፣ ሆኖም ተበላሽቷል። የጫማዬ ቆዳ የላይኛው ቅርፊት ነው፤ ጎማው የታችኛው ቅርፊት ነው፤ በመሐል ያለው ስፖንጅ ግን በጣት ሲነካ እንደ ፍርፋሪ ይረግፍ ነበር። (እናቴ ምሳሌውን ሰምታ፣ በእርሷ ቤት ድፎ ዳቦ ሁለት ሳምንት እንደማያድር እንድናገር አዝዛኛለች።)

ስፖንጁ ፖሊዩሬቴን የሚባል ፕላስቲክ ነው፤ ጫማው ባይደረግም የአየር እርጥበት ቀስ በቀስ ይበጣጥሰዋል፣ ሙቀት ያፋጥነዋል፤ ይህ በእርጥበት መፍረስ ሃይድሮሊሲስ ይባላል።

«ማስቲሽ ብትይዝስ?» ለሚሉም መልስ አለኝ። ማስቲሽ ጠንካራ ነገር ከጠንካራ ነገር ጋር ያጣብቃል፤ የፈረሰ ስፖንጅ ላይ መቀባት ግን ዱቄት ላይ ሙጫ እንደማፍሰስ ነው። ፕላስተርም አቧራ ላይ አይዝም፤ ቢይዝም ድንጋዩ ቶሎ ይበላዋል።

ያዳነን ሲባጎ ነው። በቅሎ ጫኛችን ከጭነቱ ገመድ ቆርጦ፣ አንዱን ዙር ከጣቶቹ ሥር፣ ሌላውን ከተረከዙ ፊት ለፊት አዙሮ፣ ገመዱን በጎማው ጥርሶች መሐል አስገብቶ ከእግሬ በላይ ቋጠረው። ቋጠሮው ከሥር ቢሆን ኖሮ ሲረገጥ ይቆረቁረኝ፣ ቶሎም ይበጠስ ነበር። የእኔ ጥፋት የግራውን አብሬ አለማሳሰሬ ነው፤ ሁለቱ ጫማዎች እኩያ ናቸውና አንዱ ሲወልቅ ሌላው ገና ደኅና ሳለ መታሰር ነበረበት። በየግማሽ ሰዓቱ ቆመን ገመዱን እያየን፣ ሁለቴ እየቀየርን ጨነቅ ደረስን።

እናንተ ከመነሣታችሁ በፊት ጫማውን በኃይል እጠፉት፤ ስፖንጁን በአውራ ጣት ጥፍር ተጫኑት፤ ከተሰነጠቀ ወይም ከረገፈ ይቅርባችሁ። ካልሆነም ሸክም ይዛችሁ አንድ ሳምንት ደረጃ ውጡበት፤ ይወልቅም እንደሆነ ሊስትሮ ባለበት አገር ይውለቅ። ስለ ቡታ ጋዝ ምድጃ የሠራነውን ክፍል ያላያችሁ ተመልከቱት፤ ሰብስክራይብም አትርሱ።

በቅሎ ጫኛችን ያን ቀን ሙሉ የተጓዘው በኮንጎ ጫማ ነበር። ኮንጎ አንድ ወጥ ፕላስቲክ ስለሆነ የሚላቀቅ ሶል የለውም። የእኔን ጫማ ዋጋ ጠይቆኝ ስነግረው፣ ምንም ሳይመልስ ቋጠሮውን እንደገና አጠበቀው።