ኬብሉን ንቀሉትና እንየው

ሰላም ሰላም። ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነው የማወራው። ጉዳዩም የኔው የዘወትር ጣጣ ነው፦ ሊኑክስ ላይ ከአንድ በላይ ሞኒተር ሰክቶ መሥራት።

ሊኑክስ ላይ የምትመርጡት ዴስክቶፕ ብዙ ነው፣ ግኖምና ኬዲኢ ዋናዎቹ ናቸው። ሰዎች "ለሁለት ስክሪን የትኛው ይሻላል፣ ግኖም ወይስ ኬዲኢ?" ሲሉኝ መልሴ አጭር ነው። ላፕቶፕህን ከሞኒተሩ ጋር አገናኝ። መስኮቶችህን በየቦታቸው ደርድር፣ ኮዱን እዚህ፣ ብሮውዘሩን እዚያ። ከዚያ ኬብሉን ንቀለው። ትንሽ ቆይተህ መልሰህ ሰካው። ሁሉም ወደ ቦታው ከተመለሰ ያ ዴስክቶፕ ይሆንሃል። ካልተመለሰ ግን አኒሜሽኑ ቢያምር ምን ይሠራልሃል?

ታከርራለህ ትሉኝ ይሆናል። ግን እስቲ፣ ሁለተኛ ስክሪን የምንፈልገው ለምንድነው? ቦታ ለማስፋት ይመስለናል። ቦታውንማ ኪቦርድ ላይ ሁለት ቁልፍ ተጭኖ ወርክስፔስ፣ ማለትም እዚያው ስክሪን ላይ ተለዋጭ የመስኮቶች ገጽ፣ በመቀያየርም ማግኘት ይቻላል። ለእኔ ዋናው ጥቅም ዓይን መልመዱ ነው። ማኑዋሉ ሁልጊዜ በስተቀኝ ከሆነ ሳላስብ ዞር ብዬ አየዋለሁ፣ ፍለጋ የለም፣ ክሊክ የለም። በየጠዋቱ ቦታ ቀይሮ ካገኘሁት ግን ሁለተኛው ስክሪን እረፍት ሳይሆን ተጨማሪ ሥራ ሆነብኝ ማለት ነው።

ኮምፒውተሩ እንዴት ያስታውሳል? እያንዳንዱ ሞኒተር ውስጥ ኢዲአይዲ የሚባል ትንሽ መረጃ አለ። መሠረታዊው ክፍል 128 ባይት ብቻ ነው። የአምራቹ መለያ፣ የሞዴሉ ቁጥር፣ ሴሪያሉ፣ የሚችላቸው ሪዞሉሽኖች እዚያ ውስጥ አሉ። ኬብሉን ስትሰኩ ኮምፒውተሩ ይህን ያነብና "አንተንማ አውቅሃለሁ" ይላል። ግኖም የሚጠቀሙ ሰዎች ፋይሉን ከፍተው ማየት ይችላሉ፣ ሆም ፎልደር ውስጥ ኮንፊግ የሚባለው ድብቅ ፎልደር ጋ ሞኒተርስ ዶት ኤክስኤምኤል የሚል አለ። ለእያንዳንዱ ሞኒተር የሶኬቱ ስም፣ አምራቹ፣ ሞዴሉ፣ ሴሪያሉ ተራ በተራ ተጽፏል። የቱ በግራ የቱ በቀኝ እንደሆነም በፒክስል ተለክቶ ተቀምጧል።

ጣጣው የሚመጣው ሁለት አንድ ዓይነት ሞኒተር ሲኖራችሁ ነው። አንዳንድ አምራች ሴሪያሉን ባዶ ይተወዋል፣ ወይም ለሁሉም ያንኑ ቁጥር ይሰጣል። ያኔ የሚለያቸው የሶኬቱ ስም ብቻ ይሆናል። በመሃል ዶኪንግ ስቴሽን (ላፕቶፑን በአንድ ኬብል ከብዙ ዕቃ የሚያገናኘው ሳጥን) ካለ ደግሞ የሶኬቱ ስም ራሱ ሊቀያየር ይችላል፣ ትናንት "ዲፒ 3" ይባል የነበረው ሶኬት ዛሬ "ዲፒ 5" ሆኖ ይመጣል። ውጤቱ? ማውዙን ወደ ቀኝ ትገፋላችሁ፣ ቀስቱ ጠርዙ ላይ ደርሶ ቀጥ ይላል። ወደ ግራ ስትገፉት በቀኝ ስክሪን ብቅ ይላል። በጣም ነው የሚያበሳጨው።

ሌላም አለ፣ ብዙ ሰው ዴስክቶፑን የሚረግምበት ግን የሞኒተሩ ጠባይ የሆነ። ዲስፕሌይፖርት (ዲፒ) በሚባለው የኬብል ዓይነት የተገናኙ ብዙ ሞኒተሮች በቁልፋቸው ስታጠፏቸው ከመስመሩ ጭራሽ ይወጣሉ። ኮምፒውተሩ ኬብሉ የተነቀለ ይመስለዋል። ተነስታችሁ ስትመለሱ መስኮቶቹ በሙሉ ላፕቶፑ ላይ ተከምረው ይጠብቋችኋል። አንዳንድ ሞኒተር የራሱ ሜኑ ውስጥ ጥልቅ እንቅልፉን የሚከለክል ሴቲንግ አለው፣ ፈልጉት። ከሌለው በቁልፍ ማጥፋቱን ተዉት፣ ዴስክቶፑ ራሱ ያስተኛው።

አሁን ወደ ትልቁ ክርክር፣ ኤክስ11 እና ዌይላንድ፣ ማለትም ሊኑክስ ላይ መስኮቶችን ስክሪን ላይ የሚያሳዩት ሁለቱ ሥርዓቶች። ኤክስ11 በ1987 የወጣ ነው፣ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው። ለእሱ ሞኒተሮቻችሁ ስንትም ቢሆኑ አንድ ሰፊ ሸራ ናቸው፣ እያንዳንዱ ስክሪን የሸራውን ቁራጭ ያሳያል። በ2007 ራንደር 1.2 የሚባለው የኤክስ11 ማሟያ እስኪመጣ ድረስማ አዲስ ሞኒተር ለመጨመር ብዙ ጊዜ የኮንፊግ ፋይል በእጅ ጽፎ ሴሽኑን እንደገና ማስነሳት ነበር። ሸራው አንድ መሆኑ ሁለቱ ሞኒተሮች እኩል እስከሆኑ ድረስ አይሰማም። ባለ 27 ኢንች 4ኬ ሞኒተር በኢንች 163 ፒክስል ገደማ አለው። አጠገቡ ያለው ባለ 24 ኢንች ፉል ኤችዲ ደግሞ 92 ገደማ። ለሁለቱም አንድ የፊደል መጠን ስትሰጡ ወይ እዚህ ጉንዳን የሚያህል ጽሑፍ፣ ወይ እዚያ ግማሽ ስክሪን የሚሞላ ሜኑ ታገኛላችሁ። ራንደርን በሚያዘው በኤክስራንደር ትእዛዝ ማስታረቅ ይቻላል፣ ግን ፊደሉ ደብዘዝ ይላል።

ክሪስቲያን ሆግስበርግ በ2008 የጀመረው ዌይላንድ እያንዳንዱን ስክሪን ለብቻው ነው የሚያየው። የፊደሉ መጠን አንዱ ላይ 200 ፐርሰንት፣ ሌላው ላይ 100፣ ስክሪኑ በሰከንድ የሚታደሰው አንዱ 144 ጊዜ (ኸርዝ)፣ ሌላው 60፣ ችግር የለም። በመሃል ላሉት መጠኖች፣ ለ125 እና ለ150፣ ትክክለኛው ፕሮቶኮል (ፕሮግራሙና ዴስክቶፑ የሚነጋገሩበት ደንብ) የመጣው ግን በ2022 ነው። መዘግየቱ ያስቆጣል።

ታዲያ ዌይላንድ የነጠቀንም ነገር አለ። አንድ ፕሮግራም መስኮቱ ስክሪኑ ላይ የት እንዳለ አያውቅም፣ "እዚያ አስቀምጠኝ" ማለትም አይችልም። ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፣ የተደረገበት ምክንያት ይገባኛል። ግን ቀድሞ ቦታቸውን ራሳቸው ያስታውሱ የነበሩ ፕሮግራሞች አሁን ዴስክቶፑ ካላስታወሰላቸው መሄጃ የላቸውም። የኬብሉን ፈተና የማነሳው ለዚህ ነው።

ኬዲኢ እዚህ ላይ ድሮ ስሙ ጥሩ አልነበረም፣ ሞኒተር ነቅላችሁ ስትሰኩ ፓኔሉ (ሜኑና ሰዓቱ ያሉበት ባር) የሚጠፋበት ጊዜ ነበር። በየካቲት አካባቢ 2023 የወጣው የኬዲኢ ዴስክቶፕ፣ ፕላዝማ 5.27፣ የሞኒተሩን ነገር ከሥር ሠራው፣ ስክሪኖቹን በቅደም ተከተል ቁጥር መስጠት ጀመረ። "ይህ ፕሮግራም ሁልጊዜ እዚያ ስክሪን ላይ ይከፈት" የሚል ደንብ መጻፍም ትችላላችሁ። ለእኔ ይህቺ አንዲት ነገር ብቻ ኬዲኢን ታስመርጣለች።

ግኖም ውስጥ እንዲህ ያለ ደንብ ለመጻፍ ኤክስቴንሽን የሚባል ተጨማሪ ፕሮግራም ያስፈልጋል፣ ኤክስቴንሽኑ ደግሞ አዲስ ቨርዥን በወጣ ቁጥር ሊበላሽ ይችላል። ግን ብዙ ሰው የሚጠላት አንዲት የግኖም ጠባይ አለች፣ እኔ የምወዳት። ወርክስፔስ ስትቀያይሩ የሚቀየረው ዋናው ስክሪን ብቻ ነው፣ ሁለተኛው ባለበት ይቆያል። ካልተመቻችሁ ሴቲንግስ ውስጥ መልቲታስኪንግ ጋ መቀየር ይቻላል። እኔ አልቀየርኩም።

ስዌይ የሚባለውን፣ በጽሑፍ ኮንፊግ የሚታዘዘውን የዌይላንድ ዴስክቶፕ የሚጠቀሙትማ ከዚህ ሁሉ ተገላግለዋል። እዚያ እያንዳንዱ ወርክስፔስ የራሱ ስክሪን አለው፣ ኬብሉ ሲነቀል ወደቀረው ይሰደዳል፣ ሲሰካ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ኮንፊጉ ላይም በሶኬት ስም ፋንታ በአምራች፣ በሞዴልና በሴሪያል መጥራት ይቻላል። ሁሉን በጽሑፍ ማዘዝ ለሚወድ ሰው እንጂ ለሁሉም አልመክርም።

የእኔ አቀማመጥ? አንዱ ፊት ለፊቴ፣ ሌላው በስተቀኝ ዞሮ በቁመቱ የቆመ፣ ለማንበብ ብቻ። ቻት እዚያ አይገባም፣ ብልጭ ድርግም የሚል ነገር አይገባም። ሦስተኛ ሞኒተር ለአብዛኞቻችን ጌጥ ነው ባይ ነኝ፣ ተቃውሞ ያለው ይጻፍልኝ።

አንድ ያልተፈታች ነገር ቀርታለች። ግኖም ላይ የመግቢያው ስክሪን የሚሠራው እንደ ሌላ ዩዘር ስለሆነ የእናንተን ፋይል አያነብም። ያንን ሞኒተርስ ዶት ኤክስኤምኤል ወደ እሱ ፎልደር መገልበጥ ነው መፍትሔው፣ ፎልደሩ የት እንደሆነ እንደየሊኑክሱ ዓይነት (እንደየዲስትሮው) ይለያያል። እኔ ሁልጊዜ "ነገ" እላለሁ፣ ስለዚህ በስተቀኝ የቆመው ስክሪን ላይ በጎኑ የተኛውን ሳጥን አንገቴን አዘንብዬ እያየሁ ነው ፓስወርዴን የምጽፈው። በሉ ቻው።